ፍሪሲዮን የሌላት መኪና

ትልቋ ልጅ በታናሽ እህቷ መኪና መቅናት የጀመረችው መኪናዋን በዓይኗ ከማየቷ በፊት ነው። ያስቀናት አንድ ቃል ነበር፤ ያውም ከአባቷ አፍ የወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባትየው ጀርባቸውን ስለሚያማቸው ቅዳሜ ቅዳሜ ፊዚዮቴራፒ ይሄዳሉ። የምታመላልሳቸው ትልቋ ናት፤ ቀለሟ በለቀቀ፣ ቤተሰቡ «አሮጊቷ» እያለ በሚጠራት ሰማያዊ መኪናዋ። አንድ ቅዳሜ አሮጊቷ ጋራዥ ገብታ ስለነበር ጥርስ ሐኪሟ ታናሽ እህቷ በቅርቡ በገዛችው መኪና አባቷን ወስዳ መለሰች። ትልቋ ከሰዓት በኋላ ስልክ ደውላ «መንገዱ እንዴት ነበር አባዬ?» ብላ ጠየቀች።

«ተመቸኝ» አሏት።

ተመቸኝ! ትልቋ መጋረጃ ሰፊ ናት። የአባቷን ቤት መስኮት ከላይ እስከ ታች አልብሳለች፣ ለጀርባቸው ትራስ ሰፍታለች፣ ለአልጋቸው፣ ለሶፋቸው፣ ለማይቀመጡበት ወንበር ሳይቀር ሰፍታለች። እሳቸው ግን አንድም ቀን «ተመቸኝ» ብለዋት አያውቁም። ቢበዛ ቢበዛ «ይሁን» ነው የሚሉት። ስልኩን ዘግታ ወደ ሥራዋ ብትመለስ የምትሰፋው ጠርዝ እየተጣመመ አስቸገራት። ፈታችው፣ ደግማ ሰፋችው፣ አሁንም ተጣመመ።

አባትየው ዕድሜያቸውን ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ሰፈርተኛው «ጋሽ ማርሽ» ይላቸዋል፤ ከሰፈሩ ግማሹ በግራ እግሩ ፍሪሲዮን መርገጥ የተማረው ከእሳቸው ነው። ቤት ውስጥ ሲቀመጡ እንግዳ ይመስላሉ። ሲጠየቁ «አዎ»፣ ሲጠየቁ «አይ»፣ ከዚያ ያለፈ ቃል ከአፋቸው ማውጣት ጥርስ ከመንቀል ይከብዳል፤ ለዚህም ጥርስ ሐኪሟ ልጃቸው ምስክር ናት። ጋቢና ከተቀመጡ ግን ሌላ ሰው ናቸው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሳርፉና መኪናዋ ማርሽ ሊቀየርላት ሲገባ ሌባ ጣታቸውን ብድግ አድርገው ጉልበታቸውን ቸብ ያደርጓታል። «ሁለተኛ!» ይላሉ። «ፍሪሲዮኑን አትንጪው፤ የተኛ ሕፃን እንደምታስቀምጪ ቀስ ብለሽ ልቀቂው።» ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ሲሻገሩ ወሬው ይከተላል። ሟች ሚስታቸውን የተዋወቁት መኪና እያስተማሯት እንደነበረ፣ ፈተና ላይ ወድቆ መሪው ላይ ተደፍቶ ያለቀሰው ኮሎኔል፣ አንድ ጊዜ ተናደው መንገድ ዳር ጥለውት ስለሄዱት ተማሪ፣ ሁሉም ይወጣል። አሮጊቷ በተንገጫገጨች ቁጥር ወሬው ከውስጣቸው እየተራገፈ የሚወርድ ነበር የሚመስለው።

ትልቋ ያንን ሁሉ ይዛ ትመጣና ለታናሽ እህቷ ታወራላታለች። «አባዬ ዛሬ መንገድ ላይ ምን አጫወተኝ መሰለሽ!» ብላ ትጀምራለች፤ ደህና አድርጋ እያጣጣመች፣ ጥሩ ጥሩውን ለመጨረሻ እያስቀመጠች። ታናሿ ዝም ብላ ትሰማለች። እሷ መንዳት የተማረችው አባቷ ጡረታ ከወጡ፣ ጀርባቸውም ከታመመ በኋላ ነው፤ ያውም ማሠልጠኛ ገብታ፣ ራሷ ማርሽ በምትቀይር አውቶማቲክ መኪና። አባቷ አጠገቧ ተቀምጠው «ሁለተኛ!» ብለዋት አያውቁም። ትልቋ እህቷን የምታካፍላት መስሏት ነው እንግዲህ፤ የሌላውን ሰው ሆድ ማን ገብቶ ያያል!

ከዚያች «ተመቸኝ» በኋላ በሁለተኛው ቀን ታናሿ ደወለች።

«እትዬ፣ አባዬ እኮ እኔ መኪና ውስጥ አፉ አይዘጋም!»

ትልቋ መርፌውን ጣቷ ላይ ሰካችው። «ምን አወራሽ?» አለች ጣቷን እየመጠጠች።

«ኧረ ምኑ ቅጡ! አንዳንዱንማ ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኛል።»

ለማንም! ማንም ማለት ማን እንደሆነ ለመረዳት ትምህርት አያስፈልግም። ትልቋ እርር ድብን አለች። ያን ቀን ለአንድ ደንበኛ የሳሎን መጋረጃ ገልብጣ ሰፍታ ላከች፤ በሥራ ዘመኗ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባት አያውቅም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አሮጊቷ ከጋራዥ ወጥታ ታጥባ ተወልውላ ስትጠብቅ ታናሿ ቀድማ አባቷ በር ላይ ደረሰች። መኪናዋ ነጭ ናት፣ ሃይብሪድ የሚሏት ዓይነት፤ ግማሽ በቤንዚን፣ ግማሽ በባትሪ የምትሄድ። ስትመጣ ድምፅ የላትም፣ እንደ ሌባ ነው ጥግ ጥጉን ይዛ ከች የምትለው። ትልቋ አንገቷን አስግጋ ውስጧን አየች። ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ ዳሽቦርዱ ቴሌቪዥን የሚያክል መስታወት ተለጥፎበታል። ጉድለት ፈልጋ ፈልጋ በመጨረሻ የበሩ ጨርቅ ላይ አንዲት ያፈነገጠች ክር አገኘች፤ ትንሽ ቀለል አላት።

«ለጀርባው ይሄ ይሻለዋል እትዬ፤ አትንጥም» አለች ታናሿ።

እውነት ነበር። ክፋቱም እውነት መሆኑ ነው። ለአባቷ ጀርባ የማይሻል ነገር ይመረጥ ብላ እንዴት ትከራከር? «አዎ፣ ይሻለዋል» አለች፤ ጥርሷን ነክሳ። አባትየው አንዴ አሮጊቷን፣ አንዴ ነጯን አዩና ነጯ ውስጥ ገቡ። መኪናዋ ያለ ድምፅ ይዛቸው ሄደች። ትልቋ የመኪና ቁልፏን እያሽከረከረች በሩ ላይ ቀረች።

ልቧ የቆረጠው እዚያው ነው።

«መኪና እንግዛ» አለችው ባሏን እራት ላይ። «ሃይብሪድ።»

ባሏ የሒሳብ መምህር ነው፤ ቁጥር ሲያይ ምግብ ያስረሳዋል። ሹካውን አስቀመጠ። «የነዳጅ ቁጠባዋን ካየን ክፉ ሐሳብ አይደለም» አለ። «እኔም ስለ ነዳጁ ነው» አለችው ዓይኗን ሳታርገበግብ። ስለ ነዳጁ ቢሆን ኖሮ አሮጊቷን በእጇ ትገፋት ነበር እንጂ አትሸጣትም። የፈለገችው መኪናም አልነበረም፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ። የቅዳሜዋን ወሬ ነበር የፈለገችው። አባቷን ወደ ጋቢናዋ መመለስ ነበር የፈለገችው።

መሸጫው ውስጥ ሦስት ሃይብሪዶች ቆመው ነበር። ሻጩ ክራቫቱ የጠበቀ፣ ፈገግታው የላላ ሰው ነው። ባሏ በቀጥታ ወደ መጀመሪያዋ፣ ወደ ግራጫዋ ሄደ። «በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር?» አለ። ሻጩ ነገረው፤ መምህሩ ፊቱ በራ። ትልቋ በሩን ከፍታ ውስጡን አየች። ሁሉም ነገር ፕላስቲክ ነው፣ ክዳኑ እንደተከፈተ ምሳ ዕቃ ይሸታል። «ይቺ ውስጥ አባዬን አስቀምጬ?» አለች። «አባባ የሚቀመጡት እኮ በሳምንት አንዴ ነው፤ ነዳጅ የምንቀዳው ግን...» ብሎ ባሏ ጀመረ። ዓይኗን ሲያይ አልጨረሰውም።

ሁለተኛዋ ቀይ ነበረች። ውስጧ አዳራሽ ነው፤ ወንበሩ ሰፊ፣ የበሩ መያዣ በእንጨት የተለበጠ። ትልቋ አውራ ጣቷን ስፌቱ ላይ እያንሸራተተች ልቧ ቀለጠ። ስፌቱ ድርብ ነው፣ አንድም ቦታ አልዘለለም፣ የሰፋው ሰው እጅ ይባረክ። ለሙከራ ይዘዋት ወጡ። ዳገቱ ላይ ትልቋ ነዳጅ መስጫውን ስትረግጠው ግን መኪናዋ መጀመሪያ አሰበች፣ ከዚያ ጮኸች፣ ከዚያ የመነሣት ያህል ተነሣች። ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ደረጃ ስትወጣ ነው የመሰለችው። አንድ ታክሲ በጎናቸው ሽው ብሎ አለፈ።

«አይሆንም» አለች።

«ለአባባ ፍጥነት ምን ያደርግላቸዋል?» አለ ባሏ ከኋላ ወንበር።

«ዝም በል አንተ።»

ሦስተኛዋ ጥቁር ነበረች። የውስጥ ቆዳዋ የወተት ቀለም፣ ክሩ ቡናማ፣ ምንጣፏ እግር የሚውጥ። ነዳጇ ከግራጫዋ ይበዛል፣ ወንበሯ ከቀይዋ ትንሽ ይጠብባል። ትልቋ ግን ባሏ ሰምቶት የማያውቀውን ጥያቄ ጠየቀች። «ሲረግጧት እንዴት ናት?» ማለት ፈልጋ በችኮላ «ነጯን ትቀድማለች?» አለች።

«የትኛዋን ነጭ እመቤቴ?» አለ ሻጩ።

ትልቋ የእህቷን መኪና ስም ነገረችው። ሻጩ ክራቫቱን እየነካካ ሳቀ። «ያቺንማ? ቆማ ነው የምትቀርልዎ። ቤንዚኑም ባትሪውም አንድ ላይ ይገፋል፤ እግርዎን ሳያሳርፉ ሄደዋል።»

በዚች አንዲት ዓረፍተ ነገር ተሸጠች። መምህሩ ስለ ነዳጅ ልዩነቱ አንድ ሁለት ጊዜ ቢሞክር «ትጠጣ!» ብላ አፉን አስያዘችው። አሮጊቷን የክፍያው አካል አድርጋ እዚያው አስረከበች። ከውስጧ ጃንጥላዋን ብቻ አወጣች። ለአባቷ መቀመጫ የሰፋችውን አበባማ ትራስና የኋላ መስኮቱ ላይ የሰቀለቻትን ትንሽ መጋረጃ እንዳሉ ተወቻቸው፤ ከወተት ቀለም ቆዳ ጋር አይሄዱማ!

ቅዳሜ ሲደርስ ታናሿን ቀድማ አባቷ በር ላይ ተገኘች። አባትየው ወጥተው ጥቁሯን መኪና አዩ፣ ከኋላዋ ሌላ መኪና የቆመ ይመስል አንገታቸውን ዘለግ አድርገው ፈለጉ።

«አሮጊቷስ?»

«ሸጥኳት አባዬ። ጡረታ ወጣች!» አለች እየሳቀች።

«ጡረታ» አሉ አባትየው። ወገባቸውን ይዘው ገቡ።

መኪናዋ ተነሣች። «ጠፋችብሽ» አሉ ወዲያው።

«አልጠፋችም፤ በባትሪ ነው የምትሄደው።»

«እ... እንግዲያው ደህና።»

ትልቋ ጠበቀች። የመጀመሪያውን መታጠፊያ አለፉ። አባትየው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ዳገቱ ጋ ሲደርሱ ሌባ ጣታቸው ብድግ አለች፤ መኪናዋ ግን በራሷ ጊዜ ሽቅብ ተንሸራተተች፣ የሚቀየር ነገር የለም። ጣትየዋ ትንሽ አየር ላይ ቆየችና ቀስ ብላ ተመልሳ ተኛች። ትልቋ አየቻት፤ አይታ ግን አልገባትም። ልታስደስታቸው ብላ ነዳጅ መስጫውን ረገጠች። መኪናዋ ተወነጨፈች፣ ሁለት አውቶቡስና አንድ የጭነት መኪና ኋላ ቀሩ። አባትየው የበሩን እጀታ ጨበጡ። ወሬ ግን የለም። ሙዚቃ ከፈተችላቸው፤ የለም። የወንበሩን ማሞቂያ ለኮሰችላቸው። ዘወር ብላ ስታይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«እንዴት ናት አባዬ?» አለች ሲደርሱ።

«ተመቸችኝ» አሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ያኔ ይነቃ ነበር። ቃሉ ያው ራሱ ነው፤ እንቅልፉን ጠግቦ የተነሣ ሰው የሚናገረው ቃል። ቅናት ግን ጆሮ የለውም። ትልቋ የታያት ሌላ ነው፤ «ወሬውን ሁሉ ለእሷ እያጠራቀመ ነው» አለች በልቧ። «እኔ ጋ ይተኛል፣ እሷ ጋ ይነቃል።» ሆድ ባሳት። ሐኪም ቤቱ በር ላይ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብላ፣ ወተት ቀለም ያለውን መሪ ይዛ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እንዳላለቀሰችው አለቀሰች።

ታናሿ ስትደውል ትልቋ ገና ዓይኗ አልደረቀም ነበር። «እትዬ፣ አዲስ መኪና ገዛሽ አሉ፣ እንኳን ደስ አለሽ። አሮጊቷን የት አደረስሻት?»

«ምን አገባሽ?»

«እንዲያው ነው የጠየቅኩሽ።»

«ለሻጩ አስረክቤያታለሁ። ታዲያ በእሷም ቀናሽ?»

«የሚቀጥለው ቅዳሜ የእኔ ተራ ይሁን» አለች ታናሿ። ትልቋ አፏ ላይ የመጣውን ዋጠችና እሺ አለች። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ ደግሞ ታናሿ እንደገና ደወለች፤ «ይቺንም ቅዳሜ ለእኔ ተዪልኝ እትዬ፣ ስሞትልሽ።» ድምጿ ደስ ደስ ብሎታል። ትልቋን የገደላት ያ ደስታ ነው። «አልተውም! ተራ ተራ ነው!» ብላ ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

ቅዳሜ ገና በጊዜ አባቷ ቤት ስትደርስ በሩ ተዘግቷል። ጎረቤትየዋ አጥር ላይ ልብስ እያሰጣች ነበር።

«ጋሽ ማርሽማ ወጡ» አለቻት። «ቀደም ብለው ነው የወጡት። ያቺ ሐኪሟ ናት የወሰደቻቸው። እንዴት ያለ ጨዋታ ይዘዋል እባክሽ! ሲጮሁ፣ ሲስቁ፣ እኛም ሳቃቸውን ሰምተን ነው የወጣነው።»

ሲስቁ! ትልቋ መኪናዋ ውስጥ ገባች። ሻጩ ያላትን ያህል ፍጥነት ያን ቀን ተጠቀመችበት። ጥቁሯ መኪና እግሯን ሳታሳርፍ ሄደች፤ ትልቁን መንገድ ጨረሰች፣ ድልድዩን ተሻገረች። ነጯን መኪና ስትፈልግ ዓይኗ ሊወጣ ደረሰ። ነጭ መኪና አየች፣ ሌላ ሰው ነው፤ ሌላ ነጭ አየች፣ እሱም ሌላ ሰው ነው። ዳገቱ ሥር ስትደርስ መንገዱ ተዘግቷል። መኪና በመኪና ላይ ተደርድሮ ክላክሱ ይቀልጣል። ከሰልፉ ፊት፣ የትራፊክ መብራቱ ላይ፣ አንዲት መኪና ጠፍታ ቆማለች።

ሰማያዊ ናት። የኋላ መስኮቷ ላይ አበባማ ትንሽ መጋረጃ ተሰቅሏል።

ትልቋ ያንን መጋረጃ የሰፋችው በእጇ ነው። መኪናዋን እንደቆመች ትታ ወረደች፤ በመኪኖቹ መሐል እየተሹለከለከች ሄደች። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። አሮጊቷ ተንቀጠቀጠች፣ ትንሽ ፈቀቅ አለች፣ አንዴ አነጠሰችና እንደገና ጠፋች። ከውስጥ የአባቷ ድምፅ እስከ አስፋልቱ ይሰማል።

«ነጨሻት! አሁንም ነጨሻት! የተኛ ሕፃን ነው አልኩሽ እኮ! ማነው ለዚህች ልጅ መንጃ ፈቃድ የሰጣት? ማርሽና ማንኪያ አትለይም!»

አበባማ ትራሳቸው ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ላባቸው ችፍ ብሏል፣ ዓይናቸው ያበራል። ትልቋ እንዲህ ካየቻቸው ስንት ጊዜዋ። ታናሿ መሪውን በሁለት እጇ አንቃ፣ ጸጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፎ፣ ትልቋን ስታይ ክው አለች።

«እትዬ... እንዳትቆጪኝ። ሻጩ ጓሮ ቆማ አግኝቼ ገዛኋት።»

«አንቺ አሮጌ መኪና ምን ያደርግልሻል?» አለች ትልቋ። «አንቺ ጋ እንደሆነ አፉ አይዘጋም!»

ታናሿ አባቷን ሰረቅ አድርጋ አየች። «ውሸቴን ነው» አለች። «ነጯ መኪናዬ ውስጥ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም፤ ይተኛል። ሁልጊዜ አንቺን ያጫውትሽ? የእማዬን ወሬ እንኳ እኔ ከአንቺ አፍ ነው የሰማሁት። እኔም አንድ ቀን ላስቀናሽ ብዬ ነው።»

ትልቋ ልትናደድ ሞከረች፤ አልሆነላትም። መስኮቱን ይዛ ጎንበስ አለች።

«አባዬ፣ ና ውረድ» አለች፤ ድምጿ እንደ ልጅ ድምፅ ሆኖባታል። «እኔ ልውሰድህ። ጀርባህን ትጎዳሃለች።»

«ጀርባዬ ደህና ነው» አሉ አባትየው። አንድ ጊዜ በፍቅር አዩዋት፤ ያኔም ልባቸው ያለው ፍሪሲዮኑ ላይ ነው። «አንቺ ሂጂ፣ መንገድ ዘግተሻል። አንቺ ትምህርትሽን ድሮ ጨርሰሻል። እኛ ትምህርት ላይ ነን።» ወደ ታናሿ ዞሩ። ሌባ ጣታቸው ብድግ አለችና ጉልበታቸውን ቸብ አደረገች። «አንደኛ!»

አሮጊቷ አንድ ጊዜ አጓርታ ተነሣች።

ትልቋ ከኋላ ካሉት ሾፌሮች ስድብ እየቀመሰች ወደ መኪናዋ ተመለሰች። በሩን ስትዘጋው ጩኸቱ ሁሉ ውጭ ቀረ። ወንበሩ ሞቋል። ዳገቱን ከኋላቸው ተያያዘችው። ብትፈልግ በአንድ ርግጫ ጥላቸው ልትሄድ ትችላለች፤ መንገዱ በግራ በኩል ባዶ ነው። አላለፈችም። በትንሿ መጋረጃ ሥር የአባቷ ጭንቅላት ወደ ታናሿ ዘንበል ብሎ ይታያታል፤ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ አንድ ነገር ጀምረዋል፣ የኮሎኔሉን ይሁን የእማዬን ከዚህ ሆኖ አይሰማም። የአሮጊቷ ሞተር ማቃሰት ጀመረ። ትልቋ ያንን ማቃሰት ታውቀዋለች።

«ሁለተኛ» አለች ለብቻዋ።

ግራ እግሯ ወረደች፤ የሚረገጥ ነገር ፈለገች። የነካችው የመረጠችውን ለስላሳ ምንጣፍ ብቻ ነው። ፊት ለፊቷ አሮጊቷ ማርሽ ቀየረች፤ ትንሽ ዘግይታ።